ገደሉ ባለበት ነው፣ አጥሩ ግን ይሄዳል

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ ብዙ ሰው የተቀባበለውን ጽሑፍ እኔም አነበብኩት። ስለ ዱር እንስሳትና ስለ አየር ንብረት ለውጥ ነው። የጸሐፊው ብዕር ጥሩ ነው፤ አገሩንም ዞረው እንዳዩት ያስታውቃል። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ ኢትዮጵያን ተፈጥሮ ራሷ በገደልና በሸለቆ ከፋፍላታለች። የዓባይ በረሃና ስምጥ ሸለቆው እንስሳቱን ከጥንት ጀምሮ ለያይተዋቸዋል፤ አንድና ሁለት ዲግሪ ሙቀት ይህን አይቀይረውም። ቢሞቅም እንስሳቱ ሽቅብ ይወጣሉ፤ ተራራ እንደሆነ ሞልቶናል። ወባ ደጋ ወጣች የሚባለው የተጋነነ ወሬ ነው። ሰው ደግሞ የተፈጥሮን አጥር ሲያፈርስ እንጂ ሲያጥር አይታይም። መፍትሔውም አንድ ነው፤ ተራሮቹን ሁሉ በኮሪደር ማያያዝ። (ኮሪደር ሲባል የአዲስ አበባው ትዝ እንዳይላችሁ፤ የእንስሳት መተላለፊያ ማለታቸው ነው።)

አምስት ነጥብ መሆኑ ነው። አንዳንዱ በአጭሩ ያልቃል፤ ሁለት ሦስቱ ግን ጊዜ ይወስዳሉ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከሸለቆው እንጀምር። ስምጥ ሸለቆው እንስሳትን ለይቷል ማለታቸው ትክክል ነው። የደጋ አጋዘን ከሸለቆው በስተ ምሥራቅ ባለው ደጋ፣ ባሌና አርሲን በመሳሰሉ ተራሮች ብቻ ይገኛል። ወደ ሸዋና ጎንደር አልተሻገረም። በደጋ እንቁራሪቶች ላይ የተደረጉ የዘር ጥናቶችም ሸለቆው ላይ ሲደርሱ ልዩነት ያሳያሉ። እስከዚህ አንጣላም። የምንለያየው ጸሐፊው የለያቸው ገደሉ ራሱ ነው ሲሉ ነው። ገደል ለሁሉም እንስሳ አጥር አይሆንም።

ጭላዳን ውሰዱ። ደብረ ሊባኖስ አመሻሽ ላይ የደረሰ ሰው አይቶታል። መንጋው ቀኑን ሙሉ ሲነጭ የዋለውን ሣር ትቶ ወደ ጠርዙ ይመጣል። ከዚያ አንድ በአንድ ቁልቁል ይወርዳል፤ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው። እግር የማያስቆም የሚመስል ድንጋይ ላይ ተጠጋግተው ያድራሉ። ለእኛ የመንገድ መጨረሻ የሆነው ገደል ለጭላዳ መኝታ ቤቱ ነው። ከስምጥ ሸለቆው ማዶ፣ አርሲ ውስጥ፣ የዋቢ ሸበሌ ገደሎች ላይም ጭላዳ አለ። ሸለቆው ዘላለማዊ ግንብ ቢሆን ኖሮ እዚያ ምን ያደርጋል?

ቀይ ቀበሮም ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሳል። ስሜን፣ ወሎና መንዝ ጓሳ ላይ አለ። ከሸለቆው ማዶ አርሲና ባሌም አለ። ዛሬ ከ3,000 ሜትር በታች እምብዛም አይወርድም። የዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ ግን 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ታዲያ በየት በኩል አለፈ?

መልሱ ያለው በረዶው ዘመን ላይ ነው። ዛሬ በመኪና የሚታለፈው፣ ባሌ ያለው የሳነቴ አምባ ያኔ የበረዶ ግግር ተኝቶበት ነበር። ቅዝቃዜው የውርጩን አገር፣ ማለትም ሣሩንና ጓሳውን፣ ወደ 1,000 ሜትር ያህል ቁልቁል ገፍቶት ነበር። ስለዚህ አሁን በየተራራው አናት ላይ ተንጠልጥሎ የቀረው የሣር አገር ያኔ ሰፊና በብዙ ቦታ የተያያዘ ነበር። ሸለቆው ላይ ያለው ክፍተትም ጠቦ ነበር። አየሩ ሲሞቅ ዛፉና ቁጥቋጦው ሽቅብ ወጣ። የሣሩ አገር ተቆራረጠ። ቀበሮዎቹም በየተራራቸው ተነጥለው ቀሩ። ገደሉ ያኔም ነበረ፣ ዛሬም አለ። የተቀየረው ሙቀቱ ነው።

በነገራችን ላይ ያ ሁሉ በረዶ ሰውንም አላገደውም። ባሌ ውስጥ ፊንጫ ሃበራ የሚባል የድንጋይ መጠለያ አለ፤ ከፍታው 3,469 ሜትር። ተመራማሪዎች በ2019 እንዳሳወቁት ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች እየተመላለሱ ይኖሩበት ነበር። ይመገቡ የነበረው ባሌ ላይ ብቻ የሚገኘውን ግዙፍ ፍልፈል ነው፤ ዛሬ የቀይ ቀበሮ ዋና ቀለብ የሆነውን ማለት ነው። ለማን ምን አጥር እንደሆነ ከሩቅ አይታወቅም።

ውሃም ላይ እንዲሁ ነው። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ዛሬ አራት ሐይቆች ናቸው። ዝናቡ በበዛበት ዘመን፣ ከዛሬ 10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። ሞልቶም ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ከአገር ወጣ እንበል ካላችሁ ደግሞ ቻድ በረሃ ውስጥ ጌልታ ዳርሼይ የምትባል ኩሬ አለች፤ ውስጧ አዞ ይኖራል። አዞ ሰሃራን አቋርጦ አይመጣም። ሰሃራ እርጥብ በነበረ ጊዜ የኖሩት አዞዎች ዘር ነው።

እነዚህ ሁሉ የድሮ ናቸው የሚል አይጠፋም። እሺ፣ የቅርቡን ላምጣ፤ ውሃውም የእኛው ነው። የስዊዝ ቦይ በ1869 ሲከፈት ቀይ ባሕርና ሜዲትራኒያን ተገናኙ። የቀይ ባሕር ዓሣ ግን ወዲያው ጎርፎ አልገባም። ሁለት አጥር ነበረበት። አንደኛው ቦዩ መሃል ያሉት መራራ ሐይቆች ናቸው። ወለላቸው ወፍራም የጨው ንጣፍ ስለነበር ብዙ ዝርያ ውሃውን አይችለውም። ሁለተኛው የዓባይ ጎርፍ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ በክረምት የወረደው ውሃ ወደ ሜዲትራኒያን ሲደርስ የቦዩ አፍ ከሆነችው ከፖርት ሳይድ ፊት ለፊት ያለውን ባሕር ጨውነቱን ያሳሳው ነበር። በመራራው ሐይቅ ያለፈ ዓሣ እዚያ ይመለሳል። ከዚያ ምን ሆነ? የጨው ንጣፉ ቀስ በቀስ ሟሟ። ጎርፉን ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአስዋን ግድብ አስቀረው። የሜዲትራኒያን ባሕር ራሱም እየሞቀ መጣ። ዛሬ ከዚያ ወገን የመጣ ጄሊፊሽ የእሥራኤል ኃይል ማመንጫዎችን የውሃ መሳቢያ ይደፍናል። መርዛማ እሾህ ያለው ላየንፊሽ ቆጵሮስ ዙሪያ ተራብቷል። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ሰው ቦዩን ቆፈረ፣ ግድቡንም ሠራ። ለዓሣው መንገዱን የከፈተለት ግን የጨው፣ የጎርፍና የሙቀት መለዋወጥ ነው።

ስለዚህ ጸሐፊው ሊጠይቁ የሚገባው ሸለቆው ስንት ሜትር ይጠልቃል የሚለውን አይደለም። ይህን እንስሳ የሚያስቆመው ምንድን ነው? ሙቀት ነው? ጨው ነው? ጥማት ነው? የውሻ ጥርስ ነው? ይህ ከታወቀ አጥሩ መቼ እንደሚንቀሳቀስ መገመት ይቻላል።

ሁለተኛው ነጥብ ሽቅብ መውጣት ነው። ከአፍሪካ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለው መሬት 80 በመቶው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው ብለዋል። ልክ ነው፣ በብዙ ጽሑፍ የሚጠቀስ ግምት ነው። ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻው እንሥራው። 100 ሜትር በወጡ ቁጥር ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። 2 ዲግሪ ቢሞቅ፣ የለመደውን ብርድ የሚፈልግ እንስሳ ከ300 ሜትር በላይ መውጣት አለበት። ሳነቴ 4,000 ሜትር አካባቢ ነው። የባሌ ጫፍ የሆነው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ነው። ከዚያ በላይ ሰማይ ነው። ተራራ ደግሞ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ይጠባል፤ 300 ሜትር ሽቅብ ማለት ከሰፊ አገር ወደ ጠባብ አገር መሄድ ነው።

ይህን ብዙ ሰው ይለዋል። ብዙ ሰው የማይለው ስለ ማረሻው ነው። ቀበሮውን ከገበሬው የጠበቀው ለዘመናት ውርጩ ነበር። ውርጭ የሚመታው ቦታ ላይ ገብስም አይይዝም፣ ማንም አይዘራም። ውርጩ ሲላላ ገብሱ ይወጣል። ስሜንና ወሎ ላይ ገብስ ከ3,500 ሜትር በላይ ሲታረስ ማየት ብርቅ አይደለም። እርግጥ ገበሬውን ሽቅብ የገፋው ሙቀት ብቻ አይደለም፤ የመሬት ጥበት ይበልጣል። ግን ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ቀበሮው የት ይሂድ? ጎጃም ጮቄ ላይ ጠፍቷል። ሸዋ ጎሽ ሜዳ ላይም ጠፍቷል። ዛሬ በመላው ዓለም ከ500 ያነሱ አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ናቸው ያሉት፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው።

መንዝ ጓሳ ላይ ቀበሮው እስካሁን የቆየው ተራራው ስለረዘመ አይደለም። የመንዝ ሰው ቄሮ በሚባለው የቆየ የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት (የወጣቶቹ ንቅናቄ አይደለም) ጓሳውን ለዓመታት ዘግቶ፣ በጊዜው ከፍቶ ሲያጭድ ስለኖረ ነው። ውርጩ ቢላላም ማረሻው እንዳይገባ ያስቆመው ደንብ ነው። ጸሐፊው ጓሳን እንደ ተፈጥሮ ምሽግ ጠቅሰውታል። የሰው ምሽግ ነው።

ወባ። ጸሐፊው በፌዝ ያለፉት ነጥብ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆየት ልበል። የሚሉት ከ2,000 ሜትር በላይ ወባ የለም፣ ደጋ ላይ የሚታመመው ቆላ ወርዶ የመጣ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ላይ እውነት አለ። መተማና ሁመራ ሰሊጥ ለማጨድ ወርዶ እየተንቀጠቀጠ የሚመለሰውን የቀን ሠራተኛ ደጋ ያለ ጤና ጣቢያ ሁሉ ያውቀዋል።

ግን 2,000 ሜትር የሚለውን ወሰን ማን ተከለው? ትንኟ ስላልበረረች አይደለም። ፋልሲፓረም የሚባለው ገዳዩ የወባ ጥገኛ ተሕዋስ ትንኟ ሆድ ውስጥ ካልበሰለ ወደ ሰው አይተላለፍም። ለመብሰል 25 ዲግሪ ላይ 12 ቀን ገደማ ይበቃዋል። 20 ዲግሪ ላይ 4 ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። 18 ዲግሪ ላይ ወደ 2 ወር ይጠጋል። ትንኝ ደግሞ 2 ወር አትኖርም። ደጋ ላይ ትንኟ ራሷ ብትኖር እንኳ ጥገኛው ሳይደርስ ትሞታለች። አጥሩ ይኸው ነው፤ የትንኟ ዕድሜና የጥገኛው መብሰያ ሽቅድምድም። አሁን ወደ መጀመሪያው አባባላቸው እንመለስ፤ አንድና ሁለት ዲግሪ ምን ይቀይራል ብለው ነበር። ከ18 ወደ 20 ሁለት ዲግሪ ነው። የመብሰያውን ጊዜ በግማሽ ቆረጠው።

ይህ የወረቀት ስሌት ብቻ አይደለም። በ1958 በኢትዮጵያ የገባው ወረርሽኝ ያዳረሰው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ያለውን አገር ነው። 3 ሚሊዮን ሰው እንደታመመና 150 ሺህ እንደሞተ ይገመታል። ወባ የማያውቀው፣ አካሉ ያልለመደው ሕዝብ ነበር፤ ስለዚህ ነው እንዲያ ያረገፈው። ያ ዓመት ያልተለመደ ዝናብና ሙቀት የነበረበት ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ከደብረ ዘይት አካባቢ ከ1993 እስከ 2005 የተመዘገበውን የሕመምተኛ ቁጥር ተንትኗል። የኮሎምቢያ ተራሮችንም አብሮ አይቷል። በሁለቱም አገር ዓመቱ ሲሞቅ ወባ ወደ ከፍታ ትወጣለች፤ ሲቀዘቅዝ ትወርዳለች። ወሰኑ ከዓመት ዓመት ይራመዳል ማለት ነው።

በ2024 አገራችን ውስጥ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ተይዟል። ይህን ሁሉ በአየር ንብረት ማሳበብ ስንፍና ነው። ጦርነት አለ፣ መፈናቀል አለ፣ የተቋረጠ ርጭት አለ። ጸሐፊው ማጋነን እንዳለ ቢናገሩ እሰማቸዋለሁ። የለም ሲሉ ግን አልስማማም።

ሌላም ትንኝ አለች፤ ጽሑፉ ውስጥ ጭራሽ አልተነሳችም። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ ትባላለች። አገሯ ህንድና የዐረብ ባሕር ዙሪያ ነው። አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየችው በ2012 ጅቡቲ ነው። በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወራት ወባ ሲነሳ ተመራማሪዎች የደረሱት እሷ ጋ ነው። የለመድናት የወባ ትንኝ ረግረግና የዝናብ ኩሬ ትፈልጋለች። ይህችኛዋ ሮቶ ይበቃታል። በርሜል፣ ክዳኑ የጠፋ ጀሪካን፣ ሕንፃ የሚሠራበት ግቢ ውስጥ ለሲሚንቶ የተጠራቀመ ውሃ፣ ሁሉም ይመቻታል። ከተማ ውስጥ ወባ የለም የምንለው አስፋልቱ ስለሚያግዳት ነበር። ውሃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ሮቶ የሌለው ቤት የለም። አጥሩን የከፈትነው ውሃ ስናጠራቅም ነው። ባሕሩንስ እንዴት ተሻገረች? በመርከብ ሳይሆን አይቀርም የሚለው ግምት ያመዝናል።

አራተኛው ነጥብ፣ ሰው አጥር አያጥርም የሚለው፣ ብዙ አያከራክረንም። አፋር ሄዶ ፕሮሶፒስን ማየት ይበቃል። በ1970ዎቹ መጨረሻ አካባቢ አሸዋና በረሃማነትን ይመክታል ተብሎ የገባ ዛፍ ነው። ፍሬው ይጣፍጣል። ከብትና ፍየል ይበሉታል፤ ዘሩ በፋንድያው እንዳለ ይወጣና ይበቅላል። አሁን ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይዟል። አንዳንዱ ቦታ ከእሾሁ የተነሳ ሰውም ከብትም አያልፍበትም። ሃላይደጌ ሜዳ ላይ የግሬቪ የሜዳ አህያ የሚግጠውን ሣር እየወሰደበት ነው። ይህ ሰው የተከለው ሕያው አጥር ነው፤ በየዓመቱ ራሱን ያሰፋል።

ጣና ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ጢስ ዓባይ 40 ሜትር ያህል ስለሚወርድ ከታች ያለ ዓሣ ወደ ሐይቁ አይወጣም። ነጭ ዓሣ የሚባለው የጣና ዓሣ ከ15 በላይ ዝርያ ሆኖ፣ ከሌላ ቦታ ተለይቶ የኖረው በዚህ ጥበቃ ነው። ያ የድሮው አጥር ለዓሣው ጠቅሞታል። የአዲሶቹ ነገር ሌላ ነው። ከነጭ ዓሣው ብዙው በክረምት መጨረሻ እንቁላሉን የሚጥለው ጉማራን፣ ርብንና መገጭን የመሰሉ ወንዞችን ሽቅብ ወጥቶ፣ ጠጠር ያለው የጠራ ውሃ ላይ ነው። ወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቀዋል። ርብ ላይ ግድብ ቆሟል። ለመስኖ የሚጠለፈው ውሃና ለግንባታ የሚዛቀው አሸዋም አለ። ከ2011 ወዲህ ደግሞ እንቦጭ ዳርቻውን ይዟል። ግድብ አይሠራ አላልኩም፤ ፎገራ ሩዝ ያስፈልገዋል። ግን ሰው አያጥርም ማለት አይቻልም።

የመጨረሻው ኮሪደር ነው፤ ግማሽ እውነት ያለውም ይኸው ነጥብ ነው። ተነጥሎ የቀረ ትንሽ መንጋ ዘሩ ይጠባል። አንድ ክፉ ዓመት ሲመጣም የሚተካው ጎረቤት የለውም። ጮቄ ላይ የጠፋው ቀበሮ ከወሎ ተሻግሮ የሚተካው አላገኘም። እስከዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ሁሉንም ከሁሉም ማያያዝ ሲሉ ግን ባሌ ላይ የሆነውን አላዩም።

የቀይ ቀበሮ ትልቁ ጠላት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የሚያመጣውም የእረኛ ውሻ ነው። በ1991 እና 1992 ባሌን አጥቅቷል። በ2003 ተመለሰ፤ ዌብ ሸለቆ ውስጥ ከ4 ቀበሮ 3ቱን ገደማ ጨረሰ። ዌብ ደግሞ ከሌሎቹ የባሌ ቀበሮዎች ጋር በጠባብ መተላለፊያዎች ይያያዛል። ሐኪሞቹ ሁሉንም ቀበሮ ይዘው ለመከተብ ጊዜም አቅምም አልነበራቸውም። ስለዚህ መተላለፊያዎቹ ላይና አጠገባቸው ያሉትን መርጠው ከተቡ። በሽታው ዌብ ላይ ቆመ። ጸሐፊው በየቦታው ይከፈት የሚሉት ኮሪደር ያን ጊዜ መዘጋት ነበረበት። የተዘጋውም በሽቦ ሳይሆን በተከተቡ ቀበሮዎች ነው።

ኮሪደር ሲከፈት ደግሞ የሚያልፈው ቀበሮ ብቻ አይደለም። ውሻ ይቀድመዋል፤ ከብት ይከተለዋል። ዌብ ላይ ከውሻ ጋር የተዳቀሉ ቀበሮዎች ተገኝተዋል። በእርሻ መሃል የሚያልፍ መተላለፊያ ለቀበሮው የማይመች፣ ለውሻ ግን ምቹ መንገድ ነው። እንዲህ ያለውን ከመክፈት ጥቂት ቀበሮዎችን ይዞ ወደ ሌላ ተራራ ማጓጓዝ ሊሻል ይችላል። ከዚያ በፊት ግን በየመንደሩ ያሉት ውሾች ይከተቡ። ከ2018 ጀምሮ ባሌ ላይ በፍየል ሥጋ ውስጥ የተሸሸገ የአፍ ክትባት ለቀበሮዎቹ መስጠት ተጀምሯል። ይህ ከሰፋ አንዳንዱን መተላለፊያ ለመክፈት ድፍረት ይገኛል።

ጸሐፊው ቀጣይ ክፍል እንደሚጽፉ ቃል ገብተዋል። የትኛውን ተራራ ከየትኛው ጋር፣ ለየትኛው እንስሳ ሲሉ እንደሚያያይዙ፣ ውሻውን ደግሞ ምን ሊያደርጉት እንዳሰቡ ዘርዝረው ይጻፉልን።